ጋቢው ቤት ይቆይ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ብርድ ናቸው። አይገርመኝም። ሚኒሶታ ላይ ታኅሣሥ ከገባ ሌላ ወሬ የለም። ለማታውቁኝ፦ ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ሚኒያፖሊስ ከመጣሁ 24 ዓመት አለፈኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ፓርኪንግ ውስጥ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ የደረሰብኝንና ከመሪው ኋላ ተቀምጬ የታዘብኩትን ነው።

*ጋሼ፣ በዲቪ ከመጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። ሴንት ፖል አክስቴ ጋ ነው ያለሁት። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፌርማታ መድረስ አለብኝ። ሰው ሁሉ «ልበሺ፣ ልበሺ» ይለኛል እንጂ ምን እንደምለብስ የሚነግረኝ የለም። እናቴ የሰጠችኝ ወፍራም ጋቢ አለኝ። ከጃኬት ጋር ብደርበው ያሳፍራል?*
*አዲስ ገቢ፣ ከሴንት ፖል*

የኔ ልጅ፣ አያሳፍርም። ቤት ተይው የምልሽ ስለማይጠቅምሽ ነው። ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ እስካልረጠበ ድረስ እናት ነው፤ ከረጠበ ግን ሙቀትሽን መጥጦ ይጨርሰዋል።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት አንቺ ያሰብሽውን አድርጌያለሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ብርድ ምን ያደርገኛል ብዬ ጋቢዬን ከጃኬቱ ሥር ተጠቅልዬ ፓርኪንግ ገባሁ። አካፋ ሰጡኝና በረዶ መጥረግ ጀመርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆንኩ። ደስ አለኝ እንዲያውም። ከዚያ ጨርሼ ፓርኪንጉ ጋ ያለችው ትንሽ ዳስ ውስጥ ስቀመጥ ላቡ ጋቢው ውስጥ ቀርቷል። ብዙም ሳይቆይ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ከጃኬቱ ሥር ወጥቶ የነበረው የጋቢው ጫፍ እንደ ካርቶን ደርቆ ቀጥ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ዛሬም ድረስ እንግዳ ሲመጣ ይህን ታወራለች።

መንዞች እኮ ነገሩን ድሮ ጨርሰውታል። ባናውንም ዝተቱንም የሚሠሩት ከበግ ፀጉር ነው። የበግ ፀጉር ረጥቦም ቢሆን ይሞቃል። ስለዚህ ሥጋሽ ላይ የሚያርፈው ልብስ ጥጥ አይሁን። ቴርማል የሚሉት ከላይም ከታችም ልክክ ብሎ የሚለበስ አለ፤ እሱን ግዢ። በላዩ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚሉት ለስላሳና ሙቅ ልብስ። ከዚያ ንፋስና ውኃ የማያስገባ፣ ቆብ ያለው፣ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ጃኬት። ሦስት ልብስ ይበቃል። አምስት ሹራብ ደራርበሽ ብትጣበቂ ብርዱ አይለቅሽም፤ የሚያሞቅሽ በልብሶቹ መሃል ያለው አየር ነው፣ እሱን ጨፍልቀሽ ካስወጣሽው ምን ቀረሽ?

ጃኬቱን ሳልቫጅ ቤት ገብተሽ በርካሽ ታገኚዋለሽ። ጫማና ጓንት ላይ ግን አትሰስቺ። ቦት ጫማው ከቁጥርሽ ትንሽ ሰፋ ይበል። ብዙ አዲስ ገቢዎች ሁለት ካልሲ አድርገው ጠባብ ጫማ ውስጥ ይገቡና «እግሬ ተቆረጠ» እያሉ አውቶቡሴ ላይ ይወጣሉ። እግርሽ ከተጨነቀ ደም አይዞርም፣ ደም ካልዞረ አይሞቅም። ጓንቱ ደግሞ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ዓይነት ይሁን። ሲታይ የሕፃን ይመስላል። ይምሰል።

ፊትሽን እስከ አፍንጫሽ በሻርፕ ሸፍኚ። ከማይነስ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ጋር ጠንከር ያለ ንፋስ ከመጣ፣ ያልተሸፈነ ቆዳን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውርጭ ሊመታው ይችላል። አገር ቤት ውርጭ የሚመታው ባቄላ ነው፤ እዚህ ጆሮና የአፍንጫ ጫፍ ይመታል። ቆዳሽ ነጣ ብሎ መደንዘዝ ከጀመረ አታሺው። የፈላ ውኃ ውስጥም አትክተቺው። ሙቅ ቦታ ግቢና ለብ ባለ ውኃ ቀስ ብለሽ አሙቂው። ካልተመለሰ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ሌላው የዲግሪው ነገር ነው። እዚህ ቁጥሩን በፋራናይት ነው የሚናገሩት። አንድ ወጣት ከመጣ በሁለተኛው ቀን ቴሌቪዥኑ «ዛሬ 30» ሲል ሰማና ድሬዳዋ መሰለው። በሸሚዝ ወጣ። የነሱ 30 ከእኛ ዜሮ በታች ነው፤ ውኃ የሚረጋው 32 ላይ ነው።

ሰማዩን አይተሽም አትውጪ። እኛ አገር ፀሐይ ከወጣች ብርዱ አለቀ ማለት ነው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ነው ፍራ የሚባለው። ደመና እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሌሊት ከተገለጠ የምድሩ ሙቀት ሽቅብ ያመልጣል። ጠዋት ፀሐይዋ ቦግ ብላ ታገኛታለሽ፣ ስትወጪ ግን ቅንድብሽ ላይ ትንፋሽሽ ይረጋል። አንዳንድ ፌርማታ ላይ የማሞቂያ መብራት አለ። በራሱ አይበራም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኚ። ሰው ከሥሩ ቆሞ ሲንዘፈዘፍ ስንቴ አይቻለሁ!

*ምራቅ ሲተፉ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?*
*ተወራራጁ፣ ከዳላስ*

እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሙቅ ልብስ ለብሶ የሚተፋ ሰው ግን ሻርፑን ያበላሻል። የሚሠራው የፈላ ውኃ ነው፦ ማይነስ 30 አካባቢ ሲሆን ወደ ላይ ብትረጨው ጉም ሆኖ ይበተናል። ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሳያዩ ረጭተው ራሳቸውን ያቃጠሉ አሉ። ውርርዱን ከተሸነፍክ ይቅርታ።

*ወንድሜ፣ ባለፈው ሳምንት በረዶ ጣለና ጓደኛዬ «ከማታው ዘጠኝ ሰዓት በፊት መኪናህን ከዋናው መንገድ አንሳ» አለኝ። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከሥራ ስመለስ መኪናዬ የለችም። ተጎትታ ሄዳለች። ሰዓቱ እኮ ገና ነበር!*
*ተቃጥያለሁ፣ ከሚኒያፖሊስ*

ወንድሜ፣ ሳነብ ሳቅኩ፤ ይቅር በለኝ። ጓደኛህ በፈረንጅ ሰዓት ነው የነገረህ። የነሱ ማታ ዘጠኝ የእኛ ምሽት 3 ሰዓት ነው። አንተ ከሌሊቱ ዘጠኝ መሰለህ። በስድስት ሰዓት ተሳሳታችሁ።

ሕጉን አንድ ጊዜ ልንገርህና ማቀዝቀዣህ ላይ ለጥፈው። ሚኒያፖሊስ «ስኖው ኢመርጀንሲ» (መንገድ እንዲጠረግ የሚወጣ የበረዶ አዋጅ) ሲታወጅ ሦስት ዙር አለው። በመጀመሪያው ሌሊት፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ለዚሁ ተብለው ምልክት በተደረገባቸው ዋና መንገዶች በሁለቱም በኩል ማቆም አይቻልም። በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ በቀሩት የሰፈር መንገዶች ላይ የቤት ቁጥሩ ተጋማሽ በሆነው ወገን ክልክል ነው። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ጎዶሎው ወገን። ጠራጊው መኪና ወገኑን ሙሉ በሙሉ ጠርጎ ካለፈ ማቆም ትችላለህ። ሴንት ፖል ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ ወንዙን ተሻግረህ የምታድር ከሆነ የዚህኛውን ይዘህ አትሂድ።

እኔም ሁለት ጊዜ ተጎትቼ ከፍያለሁ። ሁለተኛው ጊዜ መኪናዬን ማታ አንስቼ፣ ጠዋት ደስ ብሎኝ ወደ ሰፈር መልሼ ተጋማሹ በኩል አቁሜ ነው።

*ጋሽዬ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛ፣ ከኅዳር ጀምሮ ሊጤ እምቢ አለኝ። በበጋ በሦስት ቀን ይነሳ የነበረው በአምስት ቀንም ዓይን አያወጣልኝም። ሁለተኛ፣ እሁድ እሁድ በከሰል ቡና ሳፈላ መስኮት ብከፍት ቤቱ በረዶ ይሆናል፣ ብዘጋው አላርሙ ይጮሃል። ባለቤቴ ባትሪውን አወጣው። ችግር አለው?*
*የቡና ሱሰኛ፣ ከብሩክሊን ፓርክ*

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። አዎ፣ ችግር አለው። ይህን ጽሑፍ አስቀምጪና አሁን ሄደሽ ባትሪውን መልሺው።

አገር ቤት ከሰል በረንዳ ላይ ነው የሚቀጣጠለው፤ ፍሙ ጠርቶ ነው የሚገባው። ቤቱም ቢሆን በበሩ ሥርና በጣሪያው መሃል ንፋስ ይገባዋል። እንዲያም ሆኖ ከሰል ይዘው ተኝተው የቀሩ ሰዎች ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። የሚኒሶታ ቤት ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ እንደ ቴርሞስ የታሸገ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ጢሱ ጠፋ ማለት እሱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ የጠራ ፍምም ያወጣዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምርሻል፤ ብርድ መታኝ ብለሽ ጋደም ትያለሽ። ያ መጋደም ነው የሚያስፈራው። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና 911 ደውይ። ጃኬት ፍለጋ አትዘግዪ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በሕግ የግድ ነው፤ ከየመኝታ ክፍሉ 3 ሜትር ባልራቀ ቦታ መኖር አለበት። የሚጮኸው ጢስ ለይቶ የሚያውቀው ይሁን ጋዙን የሚያውቀው፣ አንቺ በጆሮ አትለዪውም። ስለዚህ ጀበናውን ምድጃ ላይ ጣጂ። አውቃለሁ፣ እንደ ከሰሉ አይጣፍጥም። እኔም እናቴ ስትመጣ ተከራክሬያታለሁ፤ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፣ ከዚያ ጠጣች። ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ አድርጊው። መኪናም ጋራዥ ውስጥ አስነስታችሁ አታሙቁ፤ የጋራዡ በር ተከፍቶም ቢሆን። ውጭ ስታሞቁ ደግሞ የጭስ ማውጫው በረዶ እንዳልደፈነው እዩ።

አሁን ወደ ሊጡ። እርሾው አልሞተም፤ በርዶታል እንጂ። ሌሊት ማሞቂያው ዝቅ ሲል ወጥ ቤትሽ ይቀዘቅዛል። ባልዲውን ኦቨን ውስጥ አስገቢው፤ ኦቨኑ ጠፍቶ መብራቱ ብቻ ይብራ። ያቺ ትንሽ አምፖል ትበቃዋለች። ባለቤቴ እንዲህ ታደርጋለች፣ ጠዋት ዓይን አውጥቶ ታገኘዋለች። ኦቨኑ በር ላይ ግን «ሊጥ አለ» ብለሽ ወረቀት ለጥፊ። እኔ አንድ ማታ ፒዛ ላሞቅ ብዬ ሳላይ ለኮስኩት። ባልዲው ከነሊጡ ቀለጠ። ሽታው እስከ ፋሲካ አልለቀቀንም።

ቤቱ ራሱ በቀን ጭምር ከቀዘቀዘ ግን ጥፋቱ የሊጡ አይደለም። ሚኒሶታ ላይ ማሞቂያው በአከራዩ እጅ ከሆነ፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ቤቱን ቢያንስ 68 ፋራናይት፣ ማለትም 20 ሴልሺየስ ላይ የማቆየት ግዴታ አለበት። ቴርሞሜትር ግዢና ቁጥሩን ፎቶ አንስተሽ በጽሑፍ ንገሪው። «በጣም ይበርዳል» ካልሽው ጃኬት ልበሺ ይልሻል። የጋዝና የመብራት ሒሳብ የከበዳችሁም፣ በእነዚሁ ወራት ለድርጅቱ ደውላችሁ የክፍያ ስምምነት ከገባችሁና ካከበራችሁ ማሞቂያችሁ አይቆረጥም። ቁልፉ መደወሉ ነው። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ የሚያጠራቅሙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ።

*የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ስገባ ጨለማ፣ ስወጣ ጨለማ። ከእንቅልፌ ስነሳ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ከሰው ጋር ማውራት አስጠላኝ። ብርዱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?*
*ከብሉሚንግተን*

ጨለማው ሳይሆን አይቀርም። ታኅሣሥ ውስጥ እዚህ ፀሐይ በእኛ ሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ትጠልቃለች። አስበው፣ አዲስ አበባ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ኳስ የሚጫወቱበት ሰዓት ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል 12 ሰዓት ፀሐይ የለመድን ሰዎች ነን። እዚህ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይወርዳል፣ ያንን ደግሞ አንተ ተኝተህ ታሳልፈዋለህ።

ስምም ሕክምናም ያለው ነገር ነው። ለሐኪምህ ንገረው። ቫይታሚን ዲ እንዲለኩልህ ጠይቅ፤ የእኛ ቆዳ ከትንሽ ፀሐይ ብዙ አያወጣም። 10,000 ሉክስ የሚባል መብራት አለ፤ እንደነቃህ ግማሽ ሰዓት ፊቱ ትቀመጣለህ። ሞኝነት ይመስላል። አንድ ባልደረባዬ ቡናውን ሲጠጣ ፊቱን ወደሱ ያዞራል፣ ለውጥ አይቶበታል። አንተ ደግሞ ሞል ኦፍ አሜሪካ ጎረቤትህ ነው። ለግዢ አልልህም። መተላለፊያው በጣሪያው መስታወት በሚገባው ፀሐይ፣ በመብራቱና በሰዉ ትንፋሽ ነው የሚሞቀው። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎች ክብ እየዞሩ በእግራቸው ይሄዳሉ። ከሥራ ስትወጣ አንድ ዙር ሂድና ከዚያ ተኛ። ነገሩ ከከበደህ፣ መኖር እስኪያስጠላህ ከደረሰ ግን ለመብራት አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን 988 (የጭንቅ ጊዜ የእርዳታ ስልክ) ደውል።

*ልጄ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ የምኖረው ጉለሌ ነው። ልጄ እናንተ ጋ ከሄደ አራት ወሩ ነው። በጥር ወር ደውሎ «ክረምት ነው» ይለኛል። በጥር ክረምት የት አገር ነው ያለው? በረዶ ሲወርድ በቪዲዮ ላከልኝ፤ ይወርዳል ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ስልኬ ተበላሽቶ ነው? ማይነስ ሃያ አምስት ነው ሲል ሊያስፈራራኝ ነው ወይስ እውነቱን ነው? ምን ልላክለት?*
*እናት፣ ከአዲስ አበባ*

እማማ፣ ስልክዎ ደህና ነው።

ጥፋቱ የቃሉ ነው። እኛ በረዶ የምንለው ነሐሴ ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን፣ ዶሮ የሚያስደነግጠውን ጠጠር ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በረዶ እንለዋለን። ይሄ ልጅዎ ያሳየዎት ሌላ ነው። ስሙ አመዳይ ነው። «እንደ አመዳይ ትነጻለች» ሲባል በቤተ ክርስቲያን ሰምተው የለ? እሱ ነው። ሲወርድ ባዘቶ ነው፤ ድምፅ የለውም። እኔ መጀመሪያ የጣለ ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው። የመኪናው ድምፅ፣ የውሻው ጩኸት፣ ሁሉም ጠፋ። ሰው ሁሉ ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ መስኮት ከፈትኩ።

ሦስቱን ነገር ባንድ ስም መጥራታችን እዚህ ጣጣ አለው። ጓደኛዬ ደውሎ «መንገዱ በረዶ ነው» ሲለኝ ሁልጊዜ «የትኛው?» እላለሁ። አመዳይ ከሆነ ቀስ ብዬ እነዳበታለሁ። የረጋው፣ አስፋልት መስሎ የማይታየው ከሆነ ግን ሰውም መኪናም ይጥላል። ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩት፦ በሱ ላይ ሲሄድ እጁን ከኪሱ ያውጣ፣ እርምጃውን ያሳጥር፣ እንደ ዳክዬ ይሂድ። ጎረምሳ ስለሆነ እኔ ብነግረው አይሰማኝም።

ክረምት ማለቱ ደግሞ ሌላ ቃል አጥቶ ነው። እኛ ጋ ጥር በጋ ነው፣ ጥምቀት ነው፣ ሠርግ ነው። እሱ ያለበት ግን ጥር የብርዱ አናት ነው። እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን ተቸግረን «ዊንተር» እንላለን። እኔ ቁር ብዬ ልጠራው ሞክሬ ልጆቼ ሳቁብኝ።

ማይነስ ሃያ አምስቱ እውነት ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥር 22፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፣ እዚህ ከተማ ማይነስ 33 ደርሶ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ማደል አቁሞ ነበር። እንዲህ ያለው ግን ሁልጊዜ አይመጣም፣ ሲመጣም ጥቂት ቀን ነው። ቤቱ፣ መኪናው፣ አውቶቡሱ ይሞቃል። መሃል ከተማ ሕንፃዎቹን ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚያገናኝ ዝግ ድልድይ አለ፤ ሰው ከቢሮ ወደ ምሳ ጃኬት ሳይለብስ ይሄዳል። አይሳቀቁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጉለሌ በሐምሌ ያለ እሳት ከሚያድር ሰው የበለጠ በቀን ውስጥ አይበርደውም።

የሚልኩለት፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ከተገኘ የበግ ፀጉር ካልሲ። ጋቢም ይላኩለት፤ ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ሆኖ ይለብሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የስልክ ባትሪ በዚህ ብርድ ድንገት ይሞታል፤ 40 በመቶ ሲል ቆይቶ ድርግም ይላል። ፌርማታ ላይ ቆሞ ሲያወራዎት መሃል ላይ ቢቋረጥ ዘጋብኝ ብለው እንዳያዝኑ። ቤት ሲገባ ይደውላል።